የጠፋው የእንቅልፍ መለኪያ

ወንጀሉ የታወቀው ጠዋት፣ ኢንስፔክተሩ ለአክስቱ ሾርባ እየቀዳ ሳለ ነው። የሆስፒታሉ የሰመመን ባለሙያ ከዝግጅት ክፍሉ ወጥቶ «መሣሪያዬን ያየ ሰው አለ?» ብሎ መጀመሪያ በቀስታ ጠየቀ፤ ቀጥሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ በመጨረሻም መጠየቁን ትቶ ባዶውን ጋሪ ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። ሆስፒታል ውስጥ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ ደግ ነገር አይጠረጠርምና ሁለት ነርሶች ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ መጡ። ሰውየው በእጁ መለሳቸው። እሱ ደህና ነው፤ የጠፋው የእንቅልፍ መለኪያው ነው።

ኢንስፔክተሩ ጭልፋውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ፖሊስ ጣቢያ ደውለው ሲያመለክቱ የጣቢያው አዛዥ ሳቀ ይባላል። ፖሊስ ሳይጠራ ከስፍራው የተገኘበት ጊዜ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ጭልፋውን ያስቀምጥና ምርመራውን ይጀምር አለ።

ስለ ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ እሱ ግን ባይነገርለት ይመርጥ ነበር። ጣቢያ ውስጥ ከአዛዡ እስከ ሹፌሩ «አውራ ዶሮ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ስሙ በኩራቱ የወጣለት አይደለም። ገና ለጋ ፖሊስ ሳለ የተሰጠው የመጀመሪያ ጉዳይ የጎረቤቱ የዳኛው አውራ ዶሮ መጥፋት ነበር፤ ያንን ዶሮ እስከ ዛሬ አላገኘውም። ከዚያ ወዲህ ስንት ነፍሰ ገዳይና ስንት አጭበርባሪ በእጁ አልፏል፤ ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብሎ ለምርመራ እያለ በተመላለሰበት ቤት የዳኛውን ልጅ አይቶ ወደዳት፤ አገባትም። ዳኛው አማቱ ሆኑ። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው «የዶሮዬ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ይላሉ። እሱም ላቡን እየጠረገ «በምርመራ ላይ ነው፣ አባባ» ይላል።

የዛሬው ጉዳይ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አክስቱ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው ሴት ናት። የሐሞት ጠጠር መተላለፊያዋን ዘግቶባት ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት መርዙ ደሟ ውስጥ እንደሚገባ ሐኪሞቹ ነግረውታል። ልቧም ደካማ ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት ሰመመኑ በዝቶባት፣ ዘመድ ወዳጅ ተስፋ ቆርጦ ለለቅሶ መሰናዳት ከጀመረ በኋላ ነው የነቃችው። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው ያለ እንቅልፍ መለኪያው እጄን አላነሣም ብሏል። መሣሪያው ደግሞ በአገሩ ዙሪያ ያለው ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ዛሬ ካልተገኘ የአክስቱ ነገር ያበቃለታል።

አክስቱ ግን ሾርባውን አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ ጨው በዝቶበታል ብላ ገፋችው። በሷ አፍ ጨው ያልበዛበት ምግብ ኖሮ አያውቅም። እጇ ለጨው እንደማይዘረጋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከሷ ቤት የበላ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው የጨው ዕቃውን ነው።

«መሣሪያው ከጠፋ መቆረጤ አልተባለም ማለት ነው» አለች። «ቤታችን እንሂድ። ጠጠሩም እንደገባ ይወጣል። ደግሞ ትናንት የሰጠሁህን የቆሸሸ ልብስ ለሚስትህ እንዳትሰጣት፤ ስወጣ እኔው አጥበዋለሁ።»

አክስቱ እንዲህ ናት፤ ሞት ደጃፏ ላይ ቆሞ እሷ ስለ እጥበት ታስባለች።  ኢንስፔክተሩ ጭልፋውን አስቀምጦ፣ ሌባውን ሳይዝ ላይመለስ ለራሱ ቃል ገብቶ ወጣ።

የሰመመን ባለሙያው ቀጭን፣ ቅልጥፍጥፍ ያለ ሰው ነው። ስለ መሣሪያው ሲያወራ ስለ እጮኛው የሚያወራ ይመስላል። ሣጥኑ የጠረጴዛ ሬዲዮ ያህላል አለ። ከሣጥኑ ገመድ ይወጣል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ስስ ነገር አለ። ልጣፊው ከአንጎል የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለቅማል፤ ሣጥኑ ያንን አስልቶ ፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ያሳያል። የነቃ ሰው ዘጠና ምናምን ላይ ይገኛል። ከአርባ እስከ ስልሳ ያለው ሰው ቢላዋ ቢያርፍበት አያውቅም።

«ሰመመኑ ቢበዛበትስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቁጥሩ ከአርባ በታች ይወርዳል፤ መድኃኒቱን እቀንሳለሁ። ካነሰበት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ እጨምራለሁ። ያለሱ የማየው የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ነው፤ የቀረው ግምት ነው። ለጎረምሳ ግምት ይበቃል። ለአክስትዎ አይበቃም።»

መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ባለሙያው አክስቱ አልጋ ድረስ ወስዶ አሳያት፣ እንድትለማመደው ብሎ። ወዲያው ለአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ተጠራ። መሣሪያውን ከአክስቱ ክፍል ፊት ለፊት ባለው የዝግጅት ክፍል፣ ጋሪው ላይ ትቶት ሮጠ። በሩን አልቆለፈም። ዛሬ ጠዋት ሲመለስ ጋሪው ባዶ ነው።

ኢንስፔክተሩ ጋሪውን ዞሮ ዞሮ አየው። የመሣሪያው የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። የልጣፊዎቹ ካርቶንም ሳይነካ ተቀምጧል። ያለነዚህ ሌባው ምን ሊጠቀምበት እንደሚችል ሲጠይቅ፣ ባለሙያው እንኳን ሊጠቀምበት ባትሪው ሲያልቅ እያፏጨ መከራውን ያሳየዋል አለ። ኢንስፔክተሩ ይህን በልቡ ያዘ። ሌባው ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ እንዲሠራ አይፈልግም።

«መሣሪያውን የሚጠላ ሰው አለ?»

ባለሙያው በረጅሙ ተነፈሰ። «ከማን ልጀምርልዎ?»

የጀመሩት ከቀዶ ጥገና ሐኪሙ ነው። ሐኪሙን ነርሶቹ «ቶሎ ቶሎ» ይሉታል፤ ሲራመድም፣ ሲበላም፣ ሲቆርጥም ይቸኩላል። የእንቅልፍ መለኪያው ቁጥር እስኪወርድ ቆሞ መጠበቅ ነፍሱን ያወጣዋል። አንድ ቀን ይህን ሣጥን በመስኮት እወረውረዋለሁ ሲል ያልሰማው የለም። ኢንስፔክተሩ ልምድ ያለው ሰው ስለሆነ መጀመሪያ ሄዶ በመስኮቱ ሥር ያለውን ሣር አየ። አንድ ጓንትና የተረሳ ጃንጥላ አገኘ።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ጥርጣሬውን ሲሰማ አልተቆጣም። «ሰው የሚጠላውን ይሰርቃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት እጁ አንድ ጎረምሳ ሆድ ውስጥ ነበር፤ ነርሶቹ ሁሉ ይመሰክራሉ። ኢንስፔክተሩ ሳይለቀው መሣሪያውን ለምን ጠላኸው አለው። ሐኪሙ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲቆርጥ የማንጎራጎር ልማድ ነበረው። አንድ ቀን በዜማው መሃል ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ ባለሙያው ዝም በል ቢለው አልሰማም። ታካሚው ከነቃ በኋላ ለቀዶ ጥገናው አመስግኖ፣ ዘፈኑ ግን ቅኝቱን ስቷል አለው።

«ከዚያ ቀን ወዲህ አላንጎራጎርኩም» አለ ሐኪሙ። «ጥላቻዬ ይኸው ነው። ግን ልንገርዎ፤ የአክስትዎን ልብ አዳምጫለሁ። ያለዚያ ሣጥን እኔም ቢላዋ አላነሣም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው። ኢንስፔክተሩ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣ።

ዳይሬክተሩ ከመሣሪያው ጋር የተቆራረጡት በስብሰባ ላይ ነው። የሰመመን ባለሙያው ለሠራተኞች ማሳያ እንዲሆን ልጣፊውን በመድኃኒት ቤት ኃላፊው ግንባር ላይ ለጥፎት ነበር። ሰሌዳው ሁሉም የሚያየው ቦታ ነው። ዘጠና ሰባት ይላል። ከዚያ ዳይሬክተሩ ተነሥተው ንግግር ጀመሩ። መግቢያው ላይ ቁጥሩ ዘጠና ሆነ። ስለ ሥራ ባህል ሲናገሩ ሰማንያ ገባ። «ራዕያችን» ያሉ ጊዜ ሰባን ያዘ፤ ወደ «ተልዕኳችን» ሲሻገሩ ስልሳ ላይ ደረሰ። በዚህን ጊዜ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከኋላ ወንበር «ክቡር ዳይሬክተር፣ አሁን መቁረጥ ይቻላል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳይሬክተሩም ከዚያ ዕለት ጀምሮ የመሣሪያውን ስም አያነሡም።

ዳይሬክተሩ ግን ምስክር አለኝ አሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ለቢሮ ሠራተኞች ገለጻ ሲያደርጉ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ዳይሬክተሩ ከአዳራሹ እንዳልወጡ ሁሉም ይምላሉ፤ ስለ ምን እንደተናገሩ ግን አንድም የሚያስታውስ አልተገኘም። ኢንስፔክተሩ ይህን እንደ ጽኑ ማስረጃ ቆጠረው። ሰው ሁሉ እንዲህ በአንድነት የሚያንቀላፋው ተናጋሪው በቦታው ሲኖር ነው።

የቀረው በሩ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ጢሙን ያሳደገ፣ ጫማውን የሚወለውል ሰው ነው፤ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ከረጢት ይፈትሻል። ዳይሬክተሩን ሳይቀር እፈትሻለሁ ብሎ ደረቱን ነፋ። አንዴ የገዛ ባለቤቱ ምሳ አምጥታለት ስትመለስ ሳህኑን ከፍቶ በማየቱ ሦስት ቀን አኩርፋዋለች። ትናንት ያለ ፍተሻ የወጣ ሰው እንደሌለም ማለ።

ካልወጣ እንግዲህ እዚሁ ነው። ኢንስፔክተሩ ከነርሶቹ ጋር ሆኖ ሆስፒታሉን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው። ከአንሶላ ክምር ሥር የአንድ ሽማግሌ ሰው ሰራሽ ጥርስ ተገኘ፤ ባለቤቱ ከወጡ ወራት አልፏቸዋል። ከመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን በስተኋላ የተከለከለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተገኘ፤ ላዩ ላይ ድንች ይፈላል፤ የኔ ነው ያለ ግን አልተገኘም። የእንቅልፍ መለኪያው የለም።

ቀትር ላይ እግሩን እየጎተተ ወደ አክስቱ ተመለሰ። ቢጫው ዓይኗ ከጠዋቱ ብሷል። እጇን ሲይዘው ይፋጃል። ኢንስፔክተሩ ነፍሰ ገዳይ ፊት ቆሞ የማይፈራ ሰው ነው፤ አሁን ግን ፈራ።

«ተገኘ?» አለችው።

«አልተገኘም።»

«ካልተገኘስ አይቆርጡኝም?»

«አይቆርጡሽም።»

አክስቱ ትራሷ ላይ ተመቻችታ ተጋደመች። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ዘና ሲል አየ። ቢላዋ ፈርታ ነው ብሎ አዘነላት። ሊያጽናናት ብሎ፣ ሰመመን መልካም እንቅልፍ ነው፣ ምንም አይታወቅም አላት።

«እሱን ተወው» አለች። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? የነዚህ ሰዎች መድኃኒት ደግሞ ከብቅል ይብሳል። ያም አልበቃቸው ብሎ መሣሪያ ጨመሩበት።»

«አንቺ ምን ያባሽው ነገር አለና ነው?»

አክስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እንቅልፌ መጣ አለች።

ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ከሰመመን ባለሙያው ጋር ተገናኘ። ባለሙያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባዶውን ጋሪ ያያል። አክስቱ እንዴት እንደሆነች ጠየቀውና እንደሷ ያለ ጠያቂ ታካሚ ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረው። ስለ መሣሪያው ያልጠየቀችው ነገር የለም።

«ምን ጠየቀችህ?»

«የቅርቡን ብቻ ነው የሚያየው ወይስ የድሮውንም አሉኝ። ጥያቄው ደስ ብሎኝ ቀለድኩ። እማማ፣ ይህ መሣሪያ አንጎል ነው የሚያነበው፤ ከልጅነትዎ ጀምሮ የሠሩትን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፣ ከእኛ የሚደበቅ ነገር የለም አልኳቸው። እንዲስቁ ብዬ ነው።»

«ሳቀች?»

«አልሳቁም። አይተው አይተው፣ 'የወንድሜም ልጅ ያነበዋል?' አሉኝ። ከፈለገ ማን ይከለክለዋል አልኳቸው። ወዲያው ተጠራሁና ሄድኩ።»

 ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ወርዶ ወደ ዋናው በር ሄደ።

«ትናንት ያለ ፍተሻ የወጣ የለም ብለሃል» አለው ዘበኛውን።

«የለም፣ ጌታዬ።»

«እኔንስ ፈትሸኸኛል?»

ዘበኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። «እርስዎማ ፖሊስ ነዎት። ሰላምታ ሰጥቼ አሳለፍኩዎት።»

«በእጄ ምን ይዤ ነበር?»

«ጥቁር የልብስ ከረጢት። ከበድ ያለ መስሎኝ ላግዝዎ ብል እምቢ አሉኝ።»

ኢንስፔክተሩ የገዛ ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። በሥራ ዘመኑ የተሰረቀ ዕቃ ከወንጀሉ ስፍራ ያሸሸ ሰው ስንት ጊዜ ይዟል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት፤ ምን እንደያዝኩ አላውቅም ነበር ይላሉ። እሱም አንዱንም አምኖ አያውቅም።

ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ። ሚስቱ ገና ሳይጠይቃት ጀመረች። ልትደውልለት እያለች ነው የቀደማት። የእትዬ ልብስ ያፏጫል። ከረጢቱን አትንኪ ስለተባለች አልነካችውም፤ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ያፏጫል፣ ድመቷም ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላለች።

«ሳትከፍቺው ይዘሽው ነይ» አላት።

ከረጢቱ ሲመጣ ኢንስፔክተሩ ራሱ ወስዶ አክስቱ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጠው፤ በሩንም ዘጋ። ከረጢቱ አንድ ጊዜ አፏጨ። አክስቱ መጀመሪያ ከረጢቱን አየችው፣ ቀጥላ እሱን አየችው፤ ከዚያ የአንሶላዋን ጠርዝ ማጠፍ ጀመረች።

«ሚስትህ ከፈተችው?»

«አልከፈተችውም። እትዬ፣ ምን እንዳያነብብሽ ፈርተሽ ነው?»

አክስቱ አንሶላውን አጥፋ ፈታችው። ብትክድ ይሻለው እንደነበር ኢንስፔክተሩ በኋላ አስቧል።

«ያኔ ሥራ ስትጀምር ሌሊት ሌሊት ጥበቃ ያሳድሩህ ነበር» አለች። «ነግቶ መጥተህ ጋደም ስትል ያ የዳኛው ዶሮ ይጀምራል። ሌላው ዶሮ ሲነጋ ጮሆ ይበቃዋል። ያ ግን ረፋድ ላይ ይጮሃል፣ ቀትር ላይ ይጮሃል። በመስኮትህ ትክክል ነበር ማደሪያው። ዓይንህ ቀላ፣ ሰውነትህ አለቀ። አንድ ቀን በር ተደግፈህ ቆመህ ስትተኛ አየሁህ። ይህን ልጅ ሥራው ሳይሆን ዶሮው ሊገድልብኝ ነው አልኩ። በማግስቱ ዶሮው በገዛ እግሩ አጥሩን ዘሎ ገባ።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «የት ደረሰ?»

«ሾርባ ሆነ።»

«ማን በላው?»

«አንተ ነሃ። ሁለት ሳህን። ከዚያ እስኪመሽ ለጥ ብለህ ተኛህ። ስትነሣ ጣቢያ ሄድክ፤ ዳኛው ደግሞ ነገሩን ላንተው አመጡት።»

ኢንስፔክተሩ ያን ቀን አስታወሰው። ጠግቦ በልቶ፣ ጠግቦም ተኝቶ፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ነበር ምርመራውን የጀመረው። በሰፈሩ ላባ ሲፈልግ፣ ቆሻሻ ሲገለብጥ፣ አላፊ አግዳሚውን ሲያስጨንቅ አመሸ፤ ማስረጃው ግን ሆዱ ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አውራ ዶሮ ሲሉት የኖሩት ባልደረቦቹ ስሙ ምን ያህል እንደሚገባው አላወቁም።

ሊቆጣ ፈለገ። ቢጫውን ዓይኗን አይቶ ቁጣው የት እንደገባ ጠፋበት። «እና ለአንድ ዶሮ ብለሽ ልትሞችብኝ ነበር?»

«ለዶሮው አይደለም» አለች አክስቱ፤ ድምጿ ተሰባበረ። «ዕድሜህን ሙሉ ሌባ ስትይዝ ኖርክ። ሌባው አክስትህ ናት ብሎ ሰሌዳ ላይ ከሚጽፍብኝ፣ ጠጠሬን ይዤ ብቀበር ይሻለኛል ብዬ ነው።»

  ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ሣጥኑን ከረጢቱ ውስጥ ከውስጥ ልብሶቿ መሃል አወጣው፤ የሰመመን ባለሙያውን ጠርቶ የግድግዳውን ገመድ አሰካው፤ ልጣፊውን በገዛ ግንባሩ ላይ እንዲለጥፍለት ነገረው። ባለሙያው መሣሪያውን ሲያይ ሊስመው ምንም አልቀረውም፤ እንዴት እንደተገኘ እንኳ አልጠየቀም። ሰሌዳው በራ።

«አሁን እያሰብኩ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ዓይኑን አክስቱ ላይ ተክሎ። «ማንም የማያውቀው ነገር ነው የማስበው። ምን ይላል?»

አክስቱ መነጽሯን አድርጋ ወደ ሰሌዳው ተጠጋች። «ዘጠና ሰባት።»

«ሌላስ?»

«ዘጠና ሰባት ብቻ ነው።»

«ያ ነው እንግዲህ። ነቅተሻል ወይስ ተኝተሻል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። ይኸ ሰውዬ ቀልዶብሽ ነው።»

አክስቱ ባለሙያውን አየችው፤ ባለሙያውም ግራ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው።

«ታዲያ እኔ በከንቱ ነዋ የለፈለፍኩት» አለች። ቀጥላም የወንድሟን ልጅ ክንድ ጨብጣ፣ ቢያንስ ለአማቱ ለዳኛው እንዳይነግርባት አስማለችው። ፊታቸውን ማየት እንደማትችል ነገረችው። ኢንስፔክተሩ ማለላት።

ለዳይሬክተሩ መሣሪያው በስህተት ከቆሸሸ ልብስ ጋር ተደባልቆ እንደነበር ተነገራቸው፤ ነገሩ እውነት ነው። የጣቢያው አዛዥ ሌባውስ ብሎ ሲጠይቅ፣ ኢንስፔክተሩ ዕቃውን ያሸሸው ሰው ተይዞ ተገሥጿል፣ ለወደፊቱም በእጁ የያዘውን እንዲያይ ተመክሯል ብሎ መለሰ። ይህም እውነት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ፣ ሚስቱና አማቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ዳኛው ከነባርኔጣቸው ናቸው፤ የድሮ ጎረቤቴ ናትና ሳላያት አልውልም ብለው መጥተዋል። የቀዶ ጥገናው በር ሲዘጋ ኢንስፔክተሩ እጁን የሚያደርግበት አጣ። ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ። ሚስቱ ተቀመጥ ብትለው ተቀመጠ፤ ወዲያው ተነሣ። በበሩ ክብ መስታወት አሻግሮ ሲያይ ሐኪሙ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል እየሠራ ነው፤ አያንጎራጉርም። የሰመመን ባለሙያው ሐኪሙን አያይም፣ ታካሚዋንም አያይም፤ ቁጥሩን ነው የሚያየው። አርባ ስምንት። ሃምሳ አንድ። አንድ ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ አለና የባለሙያው እጅ መድኃኒቱን ቀነስ አደረገ፤ አርባ ስድስት ሆነ። ኢንስፔክተሩም ከቁጥሩ ጋር አብሮ ተነፈሰ።

ጠጠሩ ወጣ። ሐኪሙ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያሳየው የባቄላ ፍሬ ያህላል።

ወደ ማገገሚያ ክፍል ለጥቂት ጊዜ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። አክስቱ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች። ባለሙያው እስክትነቃ ድረስ ብሎ ልጣፊውን ግንባሯ ላይ ትቶታል። ቁጥሩ ስልሳ አምስት ነበር፤ እያዩት ሰባን አለፈ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አልጋው ቀረቡ፤ እንኳን ተረፍሽ፣ ጎረቤት አሉ።

ቁጥሩ ሰባ ስምንት ሲሆን የአክስቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የፈሩት ይደርሳል ነው ነገሩ።

«አንተ ዳኛ» አለች፤ ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትላቸው የኖረችውን ሰውዬ። ዓይኗ አልተከፈተም። «ዶሮህን እኔ ነኝ ያረድኩት። ልጄን እንቅልፍ ነሣብኝ። ሾርባውን... አንድ ሳህን ላንተም አምጥቼልህ ነበር። አዝኜልህ ነው። ጠጥተኸዋል።»

የኢንስፔክተሩ ሚስት አፏን በእጇ ያዘች። ዳኛው በችሎት ዘመናቸው እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ዞረባቸው። «ያውቁ ነበር?»

«አመልክቼ ከጣቢያ ስመለስ ሳህኑን ይዛ መጣች፤ ላባ ቀሚሷ ላይ ነበረ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ጠየቁኝ፣ አባባ?»

«ያኔ ብነግርህ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ጉዳዩ ከተዘጋ በምን ሰበብ ቤቴ ትመላለሳለህ?» ብለው ወደ ልጃቸው አዩ። «ይህቺ ልጅ ደግሞ በር ለመክፈት መሮጥ ጀምራ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠየቁን የቀጠልኩት ላብህን ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።»

የኢንስፔክተሩ ሚስት ሳቋን መያዝ አቃታት። ኢንስፔክተሩም ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ፤ ከትናንት ጀምሮ ሲያጠራቅመው የነበረ ነው። የሰመመን ባለሙያው ቁጥሩን አየ። ሰማንያ ሁለት ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ቆይቶ መንቃት ይኖርባታል አለ፤ ስሟን ጠርታችሁ አናግሯት አለ። ኢንስፔክተሩ ጠራት። አልመለሰችም። ሚስቱ ጠራቻት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ዳኛው በትሕትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ሾርባሽ ግን» አሉ፣ «ጨው አንሶት ነበር።»

የአክስቱ ዓይን ቦግ ብሎ ተከፈተ። ቁጥሩ ዘጠና ሰባት ገባ።